ስልኩን የሚያነሳ ሰው ይኑር

ክቡራን አባቶቻችን፣ ክቡራት እናቶቻችን፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን ዋላችሁ!

አዘጋጆቹ ስለ አረጋውያንና ስለ ሕክምና መተግበሪያዎች እንድናገር ጋብዘውኛል። አጫጫኑን የሚያሳዩ ጎበዝ ወጣቶች ከኋላ ጠረጴዛ ላይ ስላሉ ያንን ለእነሱ ልተወው። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ በዚህ በዋሽንግተን አካባቢ በሕክምና አስተርጓሚነት ስሠራ ከስንቶቻችሁ ጋር ሐኪም ፊት ተቀምጫለሁ። ዛሬ የቆምኩት ሲከነክነኝ የከረመውን አንድ ነገር ልናገር ነው።

አንዲት እናት አሉ። ታሪካቸውን እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። ድሮ ቀጠሮ ሲፈልጉ ክሊኒኩ ጋ ይደውሉና “አማሃሪክ” ይላሉ፤ አስተርጓሚ በመስመር ይገባል፤ አለቀ። አንድ ቀን ሲደውሉ ማሽን አነሳ። በእንግሊዝኛ ብዙ ተናግሮ፣ ወደ መተግበሪያው ግቡ ብሎ ዘጋባቸው። መተግበሪያው የትውልድ ቀን ይጠይቃል። እሳቸው የሚያውቁት ኅዳር ሚካኤል መወለዳቸውን ነው፤ ወረቀታቸው ላይ ያለው ግን ጃንዋሪ 1 ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ወረቀቱ ጃንዋሪ 1 የሚል ስንት ሰው እንዳለ እናንተው ታውቃላችሁ። ያ ሲታለፍ የማረጋገጫ ቁጥር ይላካል። ቁጥሩ የሚሄደው ልጃቸው ስልክ ላይ ነው፤ ሲመጡ ያስመዘገባቸው በራሱ ቁጥር ነውና። ልጁ ሌሊት ሠርቶ ጠዋት ይተኛል። እስኪነቃ ድረስ ቁጥሩ ጊዜው አልፎበታል።

እንደምንም ተሳካና የቪዲዮ ቀጠሮ ተያዘላቸው፤ ለ9:00። እሳቸውም ዘጠኝ ሰዓት ብለው ያዙት። ዕድሜ ልካቸውን ሰዓት የቆጠሩት እንደዚያ ነው። ምሳ እንዳለፈ ነጠላቸውን ለበሱ፤ ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደገፉ፤ ሐኪሙ እንዲያያቸው የመድኃኒት ብልቃጦቻቸውን አንድ በአንድ ደረደሩ፤ እስኪመሽ ጠበቁ። ሐኪሙ ጠዋት በሦስት ሰዓት ጠርቶ፣ አጥቷቸው፣ ወደ ሌላ በሽተኛ ካለፈ ቆይቷል። መዝገባቸው ላይ “በቀጠሮው አልተገኙም” ተብሎ ተጻፈ። እንዲህ ያለው ሲደጋገም ክሊኒኩ ከእንግዲህ አናክምዎትም የሚል ደብዳቤ ላከላቸው። ደብዳቤውም በእንግሊዝኛ ነበር።

አልተገኙም? ለጸሎትም ለልቅሶም ለቀጠሮም ቀድመው የሚደርሱ እናት ናቸው! ነጠላ ለብሰው፣ መድኃኒት ደርድረው ተቀምጠው ነበር! ያልተገኘው ክሊኒኩ ነው!

በየስብሰባው “ሽማግሌዎች ከቴክኖሎጂ ጋር አይስማሙም” ሲባል እሰማለሁ። ይህን አልቀበልም። እኚሁ እናት በኢሞ ጎንደር ካለችው እኅታቸው ጋር ፊት ለፊት ያወራሉ። ቅዳሴ በዩቲዩብ ይከታተላሉ። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይልካሉ፤ ማኅበራቸው የሚጠራው በዚያ ነው። ድምፅና ፊት በሚያስተናግድ ነገር ሁሉ ይሠሩበታል። የሚያቅታቸው በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ፣ በየገጹ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ነገር ነው። ያ የእሳቸው ጉድለት አይደለም። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ለብዙ አገልግሎቶች በተራ ስልክ፣ በድምፅ ብቻ ለሚደረግ ምክክር መክፈል ጀምሮ ነበር። ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው።

ሌላም አለ። በ2016 በወጣ የፌዴራል ሕግ መነሻነት፣ ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ የምርመራ ውጤት ለበሽተኛው ሳይዘገይ በኤሌክትሮኒክ መንገድ መድረስ አለበት። ሐሳቡ መልካም ነው፤ መረጃው የበሽተኛው ነው። በእኛ ቤት ግን ምን ይሆናል? ሐኪሙ ሳይደውል ውጤቱ በእንግሊዝኛ ስልክ ላይ ዱብ ይላል። የሚያነበው ማን ነው? የልጅ ልጅ። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የአያቷን ውጤት ስታነብ ካንሰር የሚለውን ቃል አየች። ፈራች። “ደህና ነው አያቴ” አለች። ሐኪም ቤቱ በአስተርጓሚ እስኪደውል ድረስ ያንን ሸክም ብቻዋን ይዛ ትምህርት ቤት ስትመላለስ ሰነበተች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ እያለቀሰች።

ይህ ሲሆን ሕግ የለም እንዳትሉ። የ2010 የጤና መድን ሕግ 1557ኛው ክፍል፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት ብቁ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርብ ያዛል። አስተርጓሚ ይዘህ ና ማለት አይችልም። ሕይወት አደጋ ላይ ወድቆ ሌላ ሰው ካልታጣ በቀር ሕፃን ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግም አይችልም። በ2024 የወጣው ደንብ ደግሞ ይህ በቪዲዮ ሕክምናም ላይ እንደሚሠራ ግልጽ አድርጓል። የቋንቋ አገልግሎትን የሚመለከተው የ2000ው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ በ2025 ተሽሯል፤ እውነት ነው፤ ብዙዎቻችሁም በዚያ ደንግጣችሁ ጠይቃችሁኛል። 1557 ግን በኮንግረስ የወጣ ሕግ ነው፤ በዚያ ትእዛዝ አልተሻረም። ዲሲ ውስጥም ከ2004 ጀምሮ የራሱ የቋንቋ ሕግ አለ። ስለዚህ ማንም “ውለታ እንዋልላችሁ” እንዳይለን! ግብር ከፍለናል! ሆቴሉን ያጸዳነው፣ ፓርኪንጉን ያደርነው፣ አረጋውያናቸውን ያስታመምነው እኛ ነን!

ብቻችንንም አይደለንም። ተራ ስትጠብቁ አጠገባችሁ የሚቀመጡትን የባንግላዴሽና የፓኪስታን አባቶች፣ የሕንድ እናቶች አስተውሉ። ስኳርና የልብ ሕመም እነሱንም ክፉኛ ያጠቃቸዋል። እነሱም ስልካቸውን ለልጃቸው አቀብለው ፊቱን እያዩ ይጠብቃሉ። በቨርጂኒያ ቤንጋሊውም ኡርዱውም አማርኛውም “የቋንቋ እርዳታ በነፃ” በሚለው ወረቀት ላይ ተራ በተራ ታትመዋል። ወረቀቱ ላይ ጎረቤት ከሆንን አቤቱታውም ላይ አብረን እንፈርም።

ልጆች ሆይ፣ የእናታችሁን የይለፍ ቃል ይዛችሁ በስሟ አትግቡ። መተግበሪያዎቹ ብዙዎቹ በሕጋዊ ውክልና በራሳችሁ ስም እንድትገቡ ይፈቅዳሉ፤ እሷ ፈቅዳ፣ የምታዩትን እሷ ወስና። የማረጋገጫ ቁጥሩም ወደ ራሷ ስልክ ይዙር። ቀጠሮ ስትነግሯት “ጠዋት” ወይም “ከሰዓት” በሉና በኢትዮጵያ ሰዓት ድገሙላት። ስለ ኢንተርኔት ክፍያ ለጠየቃችሁኝ፣ በወር 30 ዶላር የሚደጉመው ፕሮግራም በ2024 ገንዘቡ አልቆ ቆሟል፤ ላይፍላይን የሚባለው አነስተኛው ድጎማ ግን አለ፤ ወጣቶቹ ይሞሉላችኋል።

ለክሊኒኮቹ ያዘጋጀነው ደብዳቤ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተጽፏል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ስልክ ስንደውል ሰው ያንሳ፤ አስተርጓሚም ያገናኘን። መፈረም የሚቸግራችሁ በጣታችሁ አሻራ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ቀለሙ ተዘጋጅቷል። ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ራሳችን ይዘን እንሄዳለን፤ አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ ስሙን ያስመዝግብ።

አመሰግናለሁ።