አራተኛው ግድግዳ ስንት ነው?

እሺ… እየቀዳ ነው። ዛሬ አጭር ነው። አዎ፣ ሳቁ።

ባለፈው «የሬይ ብራድበሪን ልብ ወለድ፣ ፋራናይት 451ን ጨረስን፣ ሁለተኛ አላነሳውም» ብዬ ነበር አይደል? አልጨረስንም። የ2018ቱ የኤችቢኦ ፊልም ነው ያልለቀቀኝ፤ ማይክል ቢ. ጆርዳን ሞንታግን፣ ያንን ሥራው መጽሐፍ ማቃጠል የሆነውን ሰው፣ የሆነበት። «ዘመናዊ አድርገውታል» ይባላል። እውነት ነው፤ በየቤቱ የሚያወራ ረዳት ማሽን አለ፣ ቃጠሎው ለሕዝብ በቀጥታ ይተላለፋል። ግን የሞንታግን ሚስት አውጥተዋታል። ሚልድረድ ጭራሽ የለችም። እኔ ደግሞ ከመጽሐፉ ውስጥ ምንም እድሳት የማትፈልገው እሷ ነች ባይ ነኝ።

ያቺን የመጽሐፉን ትዕይንት ልድገማት፣ ታገሡኝ። የሳሎኑ ሦስት ግድግዳ ቴሌቪዥን ነው። ሦስተኛው ከተገጠመ ገና ሁለት ወሩ። ሚልድረድ አራተኛውን ትፈልጋለች፤ ዋጋው 2,000 ዶላር፣ የሞንታግ የዓመት ደሞዝ ሲሶ። እና አንድ ድራማ በፖስታ ተልኮላታል። የአንዷ ገጸ ባሕርይ ንግግር ሆን ተብሎ ተትቷል፤ እሱን እሷ ነች የምትሞላው። ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዎች ያወራሉ፣ ያወራሉ፣ ከዚያ ከሦስቱም ግድግዳ ዞር ብለው ያዩዋታል። «ሄለን፣ አንቺ በዚህ ሐሳብ ምን ትያለሽ?» እሷም፦ «ጥሩ ይመስለኛል»። ይቀጥላሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

«አይ፣ አልስማማም» ብትልስ? ያው ይቀጥላሉ። የሚያመኝ እሱ ነው። ድራማው ስለምን እንደሆነ ባሏ ሲጠይቃት እንኳ ቦብ፣ ሩትና ሄለን የሚባሉ ሰዎች አሉ ከማለት አታልፍም።

ደግሞ 100 ዶላር የሚያወጣ ተቀጥላ መሣሪያ አለ። አስተዋዋቂው ለማንም የሚያወራውን እያወራ ስም የሚጠራበት ቦታ ሲደርስ የሷን ስም ያስገባል፣ የከንፈሩንም እንቅስቃሴ ከስሟ ጋር ያስማማል። ይህ በ1953 የታተመ መጽሐፍ ነው! ሬይ ብራድበሪ ይህን ሲጽፍ አብዛኛው ቴሌቪዥን ገና ጥቁርና ነጭ ነበር። ታዲያ ምኑን ነው የምታዘምኑት?

ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ትሩፎ በ1966 ፊልሙ ትዕይንቷን ይዟታል፤ ሚስቲቱን ሊንዳ ብሎ። ሞንታግ ቆይቶ፣ በአገሩ ያሉትን ሊንዳዎች በሙሉ ሳይጠሩ አልቀሩም ዓይነት ነገር ይላታል። ፊቷ… እሱን ራሳችሁ እዩት። በነገራችን ላይ ትሩፎ የመክፈቻ ስሞቹን በጽሑፍ አላሳየም፣ በድምፅ ነው ያስነበባቸው። ምንም ወጪ የሌለው ብልሃት! የሚነበብ ነገር የሌለበት ዓለም ውስጥ ገና ከመጀመሪያው ደቂቃ ያስገባችኋል።

ትዕይንቷን ዛሬ የሚቀርጽ ሰው የሚሳሳተው የት እንደሆነ ልንገራችሁ። አንደኛ ዓይን። ግድግዳው ላይ ያለው ተዋናይ በትክክል ሌንሱን ካላየ ሚልድረድን ሳይሆን ትከሻዋን ያያል። ስለዚህ ካሜራውን ከቴሌፕሮምተር መስታወት (ዜና አንባቢ ጽሑፉን ከሚያነብበት) ጀርባ አድርጎ፣ የሚልድረድን ፊት መስታወቱ ላይ አሳይቶ መቅረጽ ነው። ከዚያ ብርሃኑ። ግድግዳውን አረንጓዴ አድርጋችሁ በኋላ በኮምፒውተር ብትሞሉት ፊቷ ላይ የሚንቀሳቀስ ብርሃን አይኖርም፣ ዓይኗ ውስጥም ግድግዳው አይታይም፤ ውሸቱ ወዲያው ይታወቃል። እውነተኛ የኤልኢዲ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በሰከንድ 24 ፍሬም፣ በ180 ዲግሪ ሹተር (ሹተር ማለት ካሜራው በየፍሬሙ ለብርሃን የሚከፈትበት ጊዜ ነው)፣ ስክሪኑ 60 ኸርዝ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ ምስሉ ላይ ጥላ እየተንከባለለ ያልፋል። ሹተሩ 144 ዲግሪ ሲሆን አንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያገኘው ልክ ለሰከንድ አንድ ስልሳኛ ይሆንና ይስተካከላል። ፎከሱም ፊቷ ላይ ይሁን፤ ስክሪኑ ላይ ካረፈ ጨርቅ የመሰለ ሞገድ ያወጣል።

ዋናው ግን ዝምታው ነው። ከጥያቄው እስከ መልሷ ያለው። አርታኢው ሦስት ሰከንድ ሲያይ እጁን ይበላዋል፣ ወደ አንድ ያወርደዋል። እና ትዕይንቱ ሞተ! ዝምታው ውስጥ ነው እኮ ማሰብ የምትችለው።

ወይ ደግሞ… አላውቅም። ምናልባት ሚልድረድን ከ2018ቱ ፊልም ያወጧት ገጸ ባሕርይዋ ስለምትከብድ አይሆንም። ሶፋ ላይ ሆነን ስልክ ይዘን የምናየው ሰዎች እኛው ስለሆንን ይሆን? አሁን ይሄ ስብከት ሆነ፣ ልተወው።

የቃጠሎውን ነገርስ? በ1953 መጽሐፍ ሲቃጠል ተቃጠለ ነው። አሁን ቅጂ በየቦታው አለ። የ2018ቶቹ ይህን አይተውታል፤ ለዚህ ነው መጻሕፍቱን ሁሉ ዲኤንኤ ውስጥ ከትተው ወፍ ላይ የጫኗቸው። በመጽሐፉ ግን ማስቀመጫው ሰው ነው፤ በባቡር ሐዲዱ ዳር ያሉት ሸሽተው የወጡ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መጽሐፍ በቃል ይዘዋል፣ ሞንታግ መክብብን። ወፏ ካለች ማን በቃሉ ያጠናል?

እዚያው የ2018ቱ ፊልም ውስጥ የሞንታግ አለቃ ካፒቴን ቢቲ ተደብቆ ሲጋራ ወረቀት ላይ ይጽፋል። እዚህ ጋ የእኛ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ነቢይ መኮንንን ነው፤ ማዕከላዊ ታስሮ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመውን። ያኔ ያ ጥቅል ቢያዝ ሌላ ቅጂ የለም። እሳት የሚያስፈራው እንዲህ ሲሆን ነው። ዛሬ ማቃጠል አያስፈልግም። በ2009 አማዞን የኦርዌልን 1984 ከሰዎች ኪንድል (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ) ላይ ከሩቅ ሰርዞታል። የመብት ጉዳይ ነበር፣ ገንዘባቸውንም መልሷል። ግን ያንን በምን ታሳዩታላችሁ? ጢስ የለው፣ ጩኸት የለው። መደርደሪያው ላይ ትናንት የነበረ ሽፋን ዛሬ የለም። ለፊልም ከንቱ ነው… ወይም ጎበዝ ዳይሬክተር ይፈልጋል።

ውሻው ይቀረኛል። በመጽሐፉ ሞንታግን የሚያሳድደው፣ ስምንት እግር ያለው የብረት ውሻ። ሁሉም «ድሮን እናድርገው» ይላል። ድሮን ግን አያሸትም። ውሻው ሰው የሚያሳድደው ጠረኑን እየተከተለ ነው፤ ሞንታግም የሚያመልጠው የሌላ ሰው ልብስ ለብሶ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ነው። ዛሬ ወንዙ ምንድን ነው? ስልኩን ቢጥል፣ አጠገቡ የቆመው ሰው ስልክ አለ። የበሩ ካሜራ አለ። አረማመዱ ራሱ ይታወቃል… የሌላ ሰው ጫማ ቢያደርግስ? ጠጠር ቢያስገባበት? እሱንም ሞክረው ነበር መሰለኝ የሆነ ልብ ወለድ ላይ፣ ወይስ… ቆይ፣ እሱን አይቼ እነግራችኋለሁ።