ከሌላ ሙያ ወደ አንደኛ ደረጃ መምህርነት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አርባ አምስት ዓመቴ ነው። አልረፈደብኝም?

መልስ፦ አልረፈደም። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ የአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ። እንደገና አራት ዓመት ልማር ነው?

መልስ፦ ብዙ አገር ዲግሪ ላለው ሰው አጠር ያለ የማስተማር ሥነ ዘዴ ሥልጠና አለ። ሁሉም ቦታ ግን አንድ አይደለም፤ ፊንላንድ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ለሚያስተምር የክፍል መምህር ማስተርስ ትጠይቃለች። ስለዚህ ሳይከፍሉ በፊት ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በስድስት ሳምንት፣ በኦንላይን ብቻ፣ «ዓለም አቀፍ የመምህርነት ሰርተፍኬት» ለሚሰጥ ተቋም ግማሹን ከፍያለሁ። ሥራዬን ልልቀቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሥራዎን አይልቀቁ፤ ቀሪውንም አይክፈሉ። ይህን ጥያቄ ሳልሰማ ያለፈ ፕሮግራም ትዝ አይለኝም! ሰርተፍኬትማ ማተሚያ ያለው ሁሉ ያወጣል። የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው ግን ሕግ ሥልጣን የሰጠው አካል ነው። በየትኛውም አገር የሚያስቀጥር አንድ ፈቃድ ደግሞ የለም፤ አሜሪካ ውስጥ እንኳ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የየራሱን ነው የሚሰጠው። «ዕውቅና አለን» ካሏችሁ «ከማን?» በሉ። መልሳቸውንም አትመኑ፤ የተጠራው መሥሪያ ቤት ዘንድ ሄዳችሁ የተቋሙንም የፕሮግራሙንም ስም ከዝርዝሩ ፈልጉ። ተቋሙ ታውቆ ፕሮግራሙ ለፈቃድ የማያበቃ ሊሆን ይችላልና። ቀጥሎ የተግባር ልምምዱን ጠይቁ፦ በየትኛው ትምህርት ቤት? በማን ክትትል? ልጅ ፊት ሳትቆሙ የሚያስመርቃችሁ ሰው ሊያስተምራችሁ አልፈለገም፤ የፈለገው ክፍያውን ነው። የከፈሉትን ስለማስመለስ ውሉን ይዘው የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

ጥያቄ፦ መሐንዲስ ነኝ። የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ለማስተማር ሥልጠና ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንድ ልጅ «ስምንት ከአራት ስለሚበልጥ አንድ ስምንተኛ ከአንድ አራተኛ ይበልጣል» ብሎ ቢሟገትዎ ምን ይሉታል? «ተሳስተሃል» ካሉት ነገም ይደግመዋል። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ገብቶት፣ ወረቀት አሳጥፎ ልጁ ራሱ እንዲያየው የሚያደርግ ነው መምህር። ደግሞ ሒሳብ ብቻ የሚሰጥዎ ማን ነው? ብዙ ቦታ የክፍል መምህር ንባብም ያስተምራል።

ጥያቄ፦ ልጆች እወዳለሁ፤ ጩኸት ግን አልችልም።

መልስ፦ ከመመዝገብዎ በፊት ትምህርት ቤት አስፈቅደው አንድ ሳምንት ከኋላ ወንበር ይቀመጡ። ከዕረፍት መልስ ያለው ክፍለ ጊዜ እንዳያመልጥዎ።

ጥያቄ፦ ድሮ ተከስሼ ተፈርዶብኛል። ፈቃድ ይከለክለኛል?

መልስ፦ እንደ ጥፋቱና እንደ አገሩ ሕግ ይለያያል፤ በአየር ላይ አልመልሰውም። የሕግ ባለሙያ ጋ ይሂዱ። ማመልከቻው ላይ ግን እንዳይደብቁት፤ መዋሸቱ ራሱ ሊያስከለክል ይችላል።