ሲታመሙ ንገሩን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ነገር ግን የብዙ ሰው ነው። ወረቀቱ ገና ፕሮሰስ ላይ ያለ ሰው፣ አገር ቤት ሰው ሲታመምበት ወይም ሰርግ ሲደገስ መሄድ ይችላል ወይ? ከሄደስ ይመለሳል ወይ?

እኔ ያለሁት አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ስለዚህ የማወራው ስለ አሜሪካ ሕግ ነው። አውሮፓም እስራኤልም ያላችሁ ሕጋችሁ ሌላ ነው። ቤተሰብን የሚመለከተው ግን ለሁላችንም አንድ ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ሕጉን ላስቀምጥ። አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ለግሪን ካርድ ያመለከተ ሰው፣ አይ-485 የሚባለውን ቅጽ ያስገባ ማለት ነው፣ መልስ ሳያገኝ ከአገር ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠራል። ፋይሉ ይዘጋል። እንደ ኤች-1ቢ እና ኤል-1 ያለ የሥራ ቪዛ ላላቸው የተለየ ድንጋጌ አለ። ሌላው ሰው ከመውጣቱ በፊት ፈቃድ መያዝ አለበት። ፈቃዱ አድቫንስ ፓሮል ይባላል፤ የሚጠየቀውም በአይ-131 ቅጽ ነው። ማመልከት ብቻውን አይበቃም። ፈቃዱ ወጥቶ እጅ ላይ መግባት አለበት። "አስገብቻለሁ፣ እስክመለስ ይወጣል" ብሎ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው የዓመታት ልፋቱን ጥሎ ነው የሚሄደው።

ድሮ ይሄ ቅጽ ከግሪን ካርዱ ማመልከቻ ጋር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገባ ነበር። ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግን ለብቻው ይከፈልበታል። ያኔ የተተመነው 630 ዶላር ነው። ብዙ ሰው "እስቲ ይቅር፣ የምሄድበት ጉዳይ የለኝም" ብሎ የተወው ከዚያ ወዲህ ነው። እረዳቸዋለሁ። የቤት ኪራይ አለ፣ የጠበቃ አለ፣ አገር ቤት የሚላክ አለ። ግን አገር ቤት ያረጀ ሰው ያለው ሁሉ ጉዳይ አለው፤ ቀኑ አልታወቀም እንጂ። ከቻላችሁ አብራችሁ አስገቡት። ፈቃዱ ኪስ ውስጥ ካለ በክፉ ቀን የማንንም ደጅ አትጠኑም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

ያሳደገችኝ አያቴ ናት፣ የእናቴ እናት፣ ደብረ ብርሃን። እማዬ የምላትም እሷን ነው። ወረቀቴን እየጠበቅኩ ሳለሁ በስልክ ማግኘት እየከበደኝ መጣ። ስደውል አንዴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ አንዴ ተኝታለች፣ አንዴ ጎረቤት ለቅሶ ደርሳ አልተመለሰችም። "ደህና ናት፣ አታስቢ" ይሉኛል። ድምፃቸው ግን ደህና አይደለም። በመጨረሻ የአክስቴ ልጅ አላስችል ብሏት ነገረችኝ። እማዬ ሆስፒታል ከገባች ሰንብታለች። "እኔ እንደነገርኩሽ እንዳይታወቅ" አለችኝ፣ እያለቀሰች።

በዘመዶቼ አልፈርድም። ሰው አገር ብቻዋን ያለች ልጅ ምን ታደርግ ብለው ነው። መምጣት አትችልም፣ ወረቀቷን ትታ ብትነሳስ ብለው ሰግተው ነው። ፍቅር ነው። ግን ይሄ ፍቅር ምን እንደሚያስከፍል ማንም አልነገራቸውም። እዚህ አገር በአስቸኳይ ለመውጣት የሚሰጥ ፈቃድ አለ፤ የሚገኘው ግን በወረቀት ነው። ሐኪም ጽፎ የፈረመበትና ማህተም ያረፈበት ማስረጃ ይጠየቃል። ሰው ሳይነግረኝ ማስረጃውን ከየት አመጣዋለሁ?

አካሄዱ እንዲህ ነው። ዩኤስሲአይኤስ ጋ፣ ማለትም የኢሚግሬሽን ማመልከቻ የሚያየው መሥሪያ ቤት ጋ፣ ስልክ ይደወላል። የቅርብ ዘመድ በጠና መታመሙ ወይም መሞቱ ይነገራል። ከተቀበሉ በአቅራቢያችሁ ባለ ቢሮ ቀጠሮ ይሰጣሉ። የተሞላ አይ-131 ቅጽ፣ ሁለት የፓስፖርት ፎቶ፣ ክፍያ፣ የግሪን ካርዱ ማመልከቻ የገባበት ደረሰኝና ለጥድፊያው ምክንያት የሆነው ማስረጃ ተይዞ ይኬዳል። ሁሉም ከተሟላና ካመኑበት ፈቃዱን እዚያው በቀጠሮው ዕለት ሊሰጡ ይችላሉ።

የእኔ ሩጫ የጀመረው ከዚያ በፊት ነው። የአክስቴ ልጅ የላከችልኝ የመጀመሪያው ወረቀት ማህተም አልነበረውም። ተመልሳ ካርድ ክፍል ተሰለፈች። ሁለተኛው ማህተም አለው፣ ግን "በሕክምና ላይ ትገኛለች" ከማለት በቀር ምንም አይልም። ይሄ አይበቃም። የበሽታው ስም፣ የደረሰበት ደረጃ፣ ሐኪሙ ጊዜው አጭር ነው ብሎ ካመነ እሱም፣ ቀኑና የሐኪሙ ስም በግልጽ መጻፍ አለበት። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ከሆነ ተገላገላችሁ። አማርኛ ከሆነ ሙሉው ይተረጎማል። ተርጓሚውም ቋንቋውን እንደሚችልና ትርጉሙ ትክክል እንደሆነ ጽፎ ይፈርማል። በተለይ ቀኖቹን አደራ። የእኛ ዘመን አቆጣጠር በሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ነው። በእኛ ቀን የተጻፈውን እንዳለ ካስቀመጣችሁት ማስረጃው የዛሬ ስንት ዓመት የተጻፈ ይመስላል።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ። ይህቺ ሴትዮ ምንሽ ናት?

ፓስፖርቴ ላይ ያለው የእኔ፣ የአባቴና የአባቴ አባት ስም ነው። የእናቴ እናት ስም የትም የለም። እናቴን ለማስረዳት የልደት ሰርተፍኬት አለኝ። እናቴ የእማዬ ልጅ መሆኗን የሚያስረዳ ወረቀት ግን እናቴ ራሷ የላትም፤ በዚያ ዘመን ልደት የሚያስመዘግብ ማን ነበር? እኛ አገር በአያት፣ በአክስት፣ በክርስትና እናት ያደገ ልጅ ስንት ነው! ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይጽፈውም።

አክስቴ ሳጥን ስትፈትሽ የትምህርት ቤት ካርዶቼን አገኘች። የአንደኛ ደረጃ፣ በየመንፈቁ ወላጅ እየፈረመ የሚመለሰው ወፈር ያለው ካርድ። እማዬ መጻፍ አትችልም ነበር። "የወላጅ ወይም አሳዳጊ ፊርማ" በሚለው መስመር ላይ ሁሉ የአውራ ጣቷ አሻራ አለ፣ በሰማያዊ ቀለም። አንዳንዱ ፈሷል። አንዱ ላይ አስተማሪዬ በእስክሪብቶ አጠገቡ ስሟን ጽፎ "አያት" ብሎበታል። እነዚያን ካርዶች አስተርጉሜ፣ ከቀበሌ የአሳዳጊነት ደብዳቤ አስጽፌ፣ ከእሷ ጋር የተነሳኋቸውን ፎቶዎች ጨምሬ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ የተቀበለችኝ ሠራተኛ ካርዶቹን አንድ በአንድ ገለጠቻቸው። አሻራው ላይ ጣቷን አድርጋ "ይሄ የእሷ ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ፈቃዱን ይዤ ወጣሁ።

የሁሉም ሰው እንዲህ ይሆናል አልልም። ሰው ወረቀቱን አሟልቶም የሚከለከልበት ጊዜ አለ። የምለው አሁኑኑ፣ ማንም ሳይታመም፣ ሳጥናችሁን አስፈትሹ። የልደት ሰርተፍኬት የሌለው ከወሳኝ ኩነት ያውጣ። ያሳደጋችሁ ሌላ ሰው ከሆነ ያንን የሚያሳይ ወረቀት ከወዲሁ ይያዝ። አልጋ አጠገብ ቆሞ ቀበሌ ለቀበሌ የሚሮጥ ሰው አይገኝም።

እማዬ በሕይወት ደረስኩላት። አወቀችኝ። ከሁሉ በፊት የጠየቀችኝ "ወረቀቱ ወጣልሽ ወይ?" ብላ ነው። "መውጫ ሰጡኝ፣ ዋናው ይቀራል" አልኳት። "በይ ቶሎ ተመለሺ፣ እንዳይበላሽብሽ" አለችኝ። በዚያ አልጋ ላይ ሆና የምታስበው ይሄንን ነበር። ያረፈችው እኔ ከተመለስኩ በኋላ ነው። አለቀስኩ፣ ግን ቁጭት የለብኝም። እጇን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ ቡና አፍልቼላታለሁ፣ ጸጉሯን አበጥሬላታለሁ።

ቁጭት ያለበትን ሰው ግን አውቃለሁ። አንድ ወዳጃችን፣ እኛው ሰፈር የሚኖር፣ አባቱ ታመው፣ አስታመው፣ ሞተው፣ ተቀብረው ነው የሰማው። ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። በዚያ ሰዓት ጓደኞችህ ተሰብስበው ከመጡ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። መርዶ ነው። እሱም አስቸኳይ ፈቃድ አግኝቶ ነበር፣ የሞት ማስረጃ አቅርቦ። ግን እኛ ሬሳ አናቆይም። እስላሙ በዕለቱ፣ ክርስቲያኑም በዕለቱ ወይም በማግስቱ ይቀብራል። ከዋሽንግተን ደለስ አዲስ አበባ በቀጥታ የሚበረውን ይዘህ እንኳን፣ ፈቃዱ ዛሬ ቢወጣልህ፣ ቀብር አትደርስም። የደረሰው ለአርባው ነው። አርባ ትልቅ ነገር ነው፣ ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ ጸሎት ይደረጋል፣ ድሃ ይበላል። እሱ ግን "ሦስት ወር ሙሉ ታሞ ነበር፣ ሦስት ወር ይበቃኝ ነበር" ነው የሚለው፣ እስከ ዛሬ።

ለዚህ ነው አገር ቤት ያላችሁትን የምለምነው። እናቶች፣ አክስቶች፣ ወንድሞች፣ ሲታመሙ ንገሩን። እንዳንጨነቅ ብላችሁ አትደብቁን። መጨነቁን እንችለዋለን። ቢቻል ደግሞ ስትነግሩን የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ አብራችሁ ላኩ።

አሳይለም፣ ማለትም ጥገኝነት፣ ጠይቃችሁ የምትጠብቁት ነገራችሁ የተለየ ነው፤ ይሄን ሳልል ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። እናንተም ያለ ፈቃድ ከወጣችሁ ማመልከቻችሁን እንደተዋችሁት ይገመታል። ከዚያ የባሰው ግን፣ አድቫንስ ፓሮል ይዛችሁም ቢሆን እሸሸዋለሁ ወዳላችሁት አገር ከተመለሳችሁ፣ አስገዳጅ ምክንያት ካላስረዳችሁ በቀር ጥያቄያችሁን እንደተዋችሁት ይገመታል። የእናት ሕመም አስገዳጅ ነው ብላችሁ መከራከር ትችላላችሁ። ግን እሱን የሚመዝነው ሌላ ሰው ነው፣ የሚመዘነውም ከተመለሳችሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ብዙዎች ሦስተኛ አገር ላይ ይገናኛሉ። ናይሮቢ ይመረጣል፤ ኬንያ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅምና። ለደከመች እናት ግን ናይሮቢም ሩቅ ነው። ፓሮሉም ፓስፖርትን አይተካም፣ የሚሠራ ፓስፖርት ያስፈልጋል። አሳይለም የተፈቀደላችሁ ደግሞ የምትይዙት የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ነው፤ እሱም ለአንድ ዓመት ነው። በእሱ አገር ቤት መሄድም ጥያቄ ያስነሳል።

ቪዛቸው አልፎ የቆዩ ሰዎችም ይጠይቁኛል። ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ቆይቶ የወጣ ሰው አሥር ዓመት እንዳይገባ የሚያግድ ሕግ አለ። በ2012 የኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚ ቦርድ፣ አራባሊና ዬራቤሊ በተባሉ ባልና ሚስት ጉዳይ፣ በአድቫንስ ፓሮል ወጥቶ መመለስ ያንን እገዳ አያስከትልም ብሎ ወስኗል። ለብዙ ሰው እፎይታ ነው። ሆኖም ኬዙ ፍርድ ቤት ያለ፣ የመባረር ትእዛዝ የተሰጠበት ወይም የወንጀል ክስ የነበረበት ሰው ጠበቃ ሳያናግር እግሩን እንዳያነሳ። ፈቃዱ ቪዛ አይደለም፣ ለመግባትም ዋስትና አይሆንም። ኤርፖርት ላይ የመጨረሻው ወሳኝ መኮንኑ ነው። ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ክፍል ወስደው ያስቀምጣሉ። እኔንም አስቀምጠውኛል። ወረቀቴን አገላብጠው፣ ጠይቀው፣ አሳለፉኝ። ሰነዶቻችሁን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጃችሁ ያዙ። ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን ሳይደርስም ተመለሱ።

ሰርግስ? ሰርግ አስቸኳይ አይደለም ይባላል፣ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን ለግል ጉዳይም ቢሆን ማመልከቻው ቶሎ እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል፤ ለሽርሽር ብቻ ከሆነ ነው የማይሆነው። ሲጠየቅ የሚታየው አንዱ ነገር ሰውየው በጊዜው አመልክቶ ነበር ወይስ ዝም ብሎ ቆይቶ ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ የእኛ ልማድ ያስቸግራል። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ሰርጉ ጥር ላይ ሆኖ፣ እኛ የምንሰማው ኅዳር መጨረሻ ነው።

ታናሽ ወንድሜ በዚህ ጥር ያገባል። ዘንድሮ ግን ገና ሽማግሌ ሳይልክ ነገረኝ። ለእኔ ብለው ቀኑን እንዳይገፉት ነግሬያቸዋለሁ፣ አዳራሹንም ይዘዋል። የጥሪ ካርድ ገና ስላልታተመ አባቴ የሰርጉን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ፣ ፈርሞ ላከልኝ። የመውጫ ፈቃድ ማመልከቻውን አስገብቻለሁ፣ አሁን እየጠበቅኩ ነው። የሚሆነውን እነግራችኋለሁ።

ለዛሬ ይሄን ያህል። ሰላም ሁኑ።