«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና»፦ መለስ ዜናዊ ሲሞቱ ማን አለቀሰ፣ ማን ዝም አለ?

(ምስል፦ ጥቁር መደብ፤ ከሩቅ የሚሰማ ዋሽንት)

ስለ ሟች ደግ ያልሆነ ነገር መናገር ለሚፈልግ ሰው አማርኛ አንድ ሐረግ አዘጋጅቶለታል፤ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና»። ይህን ብሎ የጀመረ ሰው ቀጥሎ የሚያደርገው ሙት መውቀስ ነው። ሌላ ነገር ሲከተለው ሰምቼ አላውቅም። ሐረጉ ተናጋሪውን አያግደውም፤ አስቀድሞ ይቅርታ ጠይቆ እንዲናገር ብቻ ይፈቅድለታል።

ይህ ቪዲዮ ስለ 2004 ዓ.ም. ነሐሴ ነው። በዚያ ወር ይህ ሐረግ በየቤቱ፣ ግን ድምፅን ዝቅ አድርጎ ይነገር ነበር።

(ምስል፦ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የማለዳ ዜና)

ነሐሴ 15 ቀን፣ ማክሰኞ ማለዳ፣ ቴሌቪዥኑ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በዋዜማው ሌሊት በሕክምና ላይ እንዳሉ ማረፋቸውን ተናገረ። ዕድሜያቸው 57 ነበር። የሞቱት ብራስልስ ነው። አገሪቱን ከግንቦት 1983 ጀምሮ፣ መጀመሪያ በሽግግር መንግሥት ፕሬዚዳንትነት፣ ከዚያም በጠቅላይ ሚኒስትርነት፣ 21 ዓመት መርተዋል። በዚያ ማለዳ ትምህርት ቤት ለክረምት የተዘጋበት ልጅም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም፣ አዲስ ተቀጣሪም ሌላ መሪ አያውቁም ነበር።

ዜናው ግን ለብዙዎች ዜና አልነበረም። ሰውየው በአደባባይ ለመጨረሻ ጊዜ በሰፊው የታዩት በሰኔ፣ ሜክሲኮ ውስጥ በተካሄደው የቡድን 20 ጉባኤ ነው። ከስተው ነበር። በሐምሌ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ሲሰበሰቡ የአስተናጋጁ አገር መሪ ወንበር ላይ አልተቀመጡም፤ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠው። መንግሥት በመጀመሪያ ዝም አለ፤ ከዚያ ታመው ነበር አለ፤ ከዚያ እየተሻላቸው ነው፣ ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል አለ። ፍትሕ ጋዜጣ ስለ ጤናቸው የጻፈበት ዕትም ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ቀረ። ከውጭ የሚያሰራጨው ኢሳት ቴሌቪዥን ደግሞ ሐምሌ ማብቂያ ላይ ሞተዋል ብሎ አወጀ፤ ይህም ማረጋገጫ አላገኘም። ስለዚህ ሰው ሁለት ወር ሙሉ አንድን ሰው በልቡ እየገደለና እያዳነ ከርሟል። አንዳንዱ ለቅሶውን ጨርሶ ነው መርዶው የደረሰው። የሌላው ደስታም እንዲሁ ቀድሞ አልቆ ነበር።

በዚያ ላይ ነሐሴ 10 ቀን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ አርፈው ነበር። በአንድ ሳምንት የቤተ መንግሥቱም የቤተ ክህነቱም ወንበር ባዶ ሆነ። ይህን እንዲያው መገጣጠም ነው ብሎ ያለፈው ሰው ጥቂት ይመስለኛል፤ ሁለቱ ሰዎች በሥልጣን ዘመናቸው ስማቸው አብሮ ይነሣ ነበርና።

(ምስል፦ ሌሊት፣ ዝናብ፣ ሻማ የያዙ ሰዎች)

አስከሬኑ ቦሌ የደረሰው በዚያው ቀን ሌሊት ነው። የክረምት ዝናብ ይወርዳል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሻማ ይዘው መንገድ ዳር ቆመዋል። በሚቀጥሉት ቀናት ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚሄደው ሰልፍ አልቋረጥ አለ፤ ከክፍለ ሀገር የመጡ ገበሬዎች፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ ደንብ ልብሳቸውን የለበሱ ወታደሮች፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናቶች። በየአደባባዩ ትልልቅ ፎቶግራፍ ተሰቀለ፤ ምስላቸው የታተመበት ጥቁር ካናቴራ ተለበሰ።

ይህ ሁሉ ለቅሶ እውነተኛ ነበር ወይስ የታዘዘ? ክርክሩ በዚያው ሳምንት ጀመረ፤ እስካሁንም አልቆመም። ታዟል የሚሉት ማስረጃ አላቸው። ቀበሌ ነበር፤ አንድ ለአምስት አደረጃጀት ነበር፤ ማን መጣ ማን ቀረ ብሎ የሚቆጥር ዓይን ነበር። እውነተኛ ነበር የሚሉትም ፊቶቹን ያሳያሉ፤ ከእነዚያ ፊቶች ላይ የወረደው እንባ በትእዛዝ የሚወርድ አይደለም።

እኔ ክርክሩ ራሱ የለቅሷችንን ወግ የረሳ ይመስለኛል። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ አልቃሽ ትጠራለች። ሙሾ ታወርዳለች፤ ይከፈላታል፤ ሟቹንም ላታውቀው ትችላለች። ነገር ግን የእርሷን ሙሾ ሰምታ ደረቷን የምትደቃው ሴት ለማንም ብላ አይደለም። ያለፈ ዓመት የቀበረችውን ልጇን አስታውሳ ነው፤ አስከሬኑ ሳይገኝ የቀረ ወንድሟን አስባ ነው። እርም ታወጣለች። አልቃሿን የጠራት ሌላ፣ እንባው የሌላ። ነሐሴ 2004 ላይ ቴሌቪዥኑ የአልቃሿን ሥራ ሠርቷል፤ ለሁለት ሳምንት ያለ ዕረፍት ሙሾ አውርዷል። ይህን ያደረገው መንግሥት ነው። ከዚህ በጦርነት ብዙ ሰው ከቀበረ አገር የወጣው እንባ ግን የመንግሥት ንብረት አልነበረም።

ከእንባው ሥር ደግሞ ፍርሃት ነበር። እስኪ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ከንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ወዲህ፣ ማለትም ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በሥልጣን ላይ እያለ ታሞ የሞተ የአገሪቱ መሪ አልነበረም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው በእስር ሞቱ። አማን አንዶምና ተፈሪ በንቲ ተገደሉ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ዚምባብዌ ሸሹ። ሥልጣን ያለ ደም ሲተላለፍ ያየ ትውልድ ያኔ በሕይወት አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። «አሁን ምን ይመጣ ይሆን?» ብሎ ያለቀሰ ሰው ሟቹን መውደድ አላስፈለገውም።

(ምስል፦ ዋሽንግተን፣ የኢትዮጵያ ኤምባሲ በር)

ውቅያኖስ ማዶ ሌላ ስሜት ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ዋሽንግተን ውስጥ ስለ ምግብ ዋስትና በተጠራ ስብሰባ ላይ ጋዜጠኛ አበበ ገላው ተነሥቶ መለስን አምባገነን ብሎ ጮኾባቸው ነበር፤ እርሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ሲሰሙ የሚያሳየው ምስል ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል። ሞታቸው ሲሰማ ብዙ ስደተኛ ያን ምስል ነው ያስታወሰው። ኤምባሲዎች የሐዘን መዝገብ ከፍተው የሚፈርም ሲቀበሉ፣ በሌላ አዳራሽ ደስታውን ያልሸሸገ ነበር። በአንድ ከተማ ውስጥ በምግብ ቤት የተለያዩ፣ በቤተ ክርስቲያን የተለያዩ ሰዎች በዚህም ተለያዩ።

ደስታው ከየት መጣ? ከምርጫ 97 በኋላ በጥይት ከተገደሉት። መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አባላት 193 ሰላማዊ ሰዎች መሞታቸውን መዝግበዋል። በፀረ ሽብር ሕጉ ከታሠሩት ጋዜጠኞች፤ እስክንድር ነጋ 18 ዓመት የተፈረደበት ልክ በዚያው ሐምሌ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከዕይታ በጠፉበት ወር ነው። በ2002 ምርጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ ሁለት ብቻ ሲቀር ሁሉንም ከወሰዱበት ምክር ቤት። ለቅሶኛው ደግሞ መንገዱን ይቆጥራል፤ ጤና ጣቢያውን፣ መጋቢት 2003 መሠረቱ የተጣለውን የዓባይ ግድብ ይቆጥራል። ሁለቱም ዝርዝር ትክክል ነው። የሚያስቸግረው አንዱን ዝርዝር የያዘ ሰው ሌላውን ሲያይ ውሸት ነው ማለቱ ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ በሰባት ወር ልዩነት የቀድሞዋ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ለንደን ውስጥ ሞቱ። ብሪክስተን ላይና ግላስጎው ላይ ሰዎች አደባባይ ወጥተው ጨፈሩ፤ ጎልድቶርፕ በተባለች የቀድሞ የማዕድን ቆፋሪዎች መንደር በቀብራቸው ቀን ምስላቸው ተቃጠለ። ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ውስጥ ደግሞ ንግሥቲቱ በተገኙበት በወታደራዊ ክብር ተሸኙ። ነውር ነው ያለም ነበር፤ ይገባቸዋል ያለም ነበር። ልዩነቱ የእንግሊዙ አልቃሽና ጨፋሪ በአንድ ጋዜጣ ገጽ ላይ መገናኘታቸው ነው፤ አንዱ የሌላውን ፊት ያየዋል። የእኛዎቹን የሚለያቸው ውቅያኖስ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ መደሰት፣ ይቅርና መደሰት፣ በሚገባ አለማዘንም የሚያስጠይቅ ይመስል ነበር። ስለዚህ እዚህ ያለው ለቅሶ ብቻ ሆኖ ታየ፤ እዚያ ያለው ጭፈራ ብቻ። በመካከል በየቤቱ ቴሌቪዥን ከፍቶ ዝም ብሎ የተቀመጠው ሰው በየትኛውም ካሜራ አልገባም። የብዙ ሰው ስሜት እርሱ ጋ እንደነበረ እገምታለሁ።

(ምስል፦ መስቀል አደባባይ፣ ነሐሴ 27 ቀን 2004 ዓ.ም.)

የቀብሩ ዕለት መስቀል አደባባይ ሞላ። የሩዋንዳው ካጋሜ፣ የሱዳኑ አልበሽር፣ የደቡብ አፍሪካው ዙማ መጡ። አሜሪካን የወከሉት ሱዛን ራይስ ነበሩ፤ ሟቹ ለሞኞች፣ ወይም ራሳቸው እንደሚሉት ለደደቦች፣ ትዕግሥት እንደሌላቸው በቀልድ መልክ ተናገሩ። የቅርብ ወዳጅ በለቅሶ ቤት የሚናገረው ዓይነት ቀልድ ነው። በውጭ የነበሩት ተቃዋሚዎች ግን ደደብ የተባሉት እነማን እንደሆኑ ለመገመት ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ ንግግሩም ሴትዮዋን አሜሪካ ድረስ ተከትሏቸው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ለቅሶው ሌላ መልክ ያዘ። በአገራችን ወግ ለቅሶ ልክ አለው፤ ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ከዚያ ነጭ ይለበሳል። ይህ ለቅሶ ግን ወደ መፈክር ዞረ። «የታላቁን መሪ ራዕይ እናስቀጥላለን» የሚለው በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ፣ በየስብሰባው መክፈቻ፣ በየሪፖርቱ መግቢያ ላይ ገባ። ተተኪያቸው ኃይለ ማርያም ደሳለኝም ያንኑ መንገድ ሳይለውጡ እንደሚቀጥሉ ቃል ገብተው ነው የጀመሩት። ከቤቱ ሐዘንተኛ ይልቅ ድንኳኑን ማንሣት ያልፈለገው ዕድሩ ሆነ።

(ምስል፦ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ቅጥር ግቢ)

ይህ አገር የመሪ ሞት አያያዝ ሁልጊዜ ያስቸግረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲሞቱ ነገሩ ለሕዝብ እንዳይሰማ ተደርጎ አስከሬናቸው በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ቆየ፤ ዛሬ ያረፉበትን የበዓታን መካነ መቃብር ያሠሩላቸው ልጃቸው ዘውዲቱ ናቸው። ቴዎድሮስ ደግሞ በሕይወት ሳሉ አገሩ ከድቷቸው፣ ጎንደርን አቃጥለው፣ ብዙ ጠላት አፍርተው መቅደላ ላይ ራሳቸውን በገደሉ ማግስት የሕዝብ ግጥም በዚያ አፋፍ ላይ የሞተው ወንድ እርሳቸው ብቻ እንደሆኑ ተናገረላቸው። የምሬቱ ዘመን ትዝታ በአንድ ጥይት ተቀየረ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነሐሴ 1967 ሲሞቱ ለቅሶ የሚባል ነገር አልነበረም። ደርግ ታመው ሞቱ አለ፤ አለቀ። አጽማቸው የተገኘው በ1984፣ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከሲሚንቶ ወለል ሥር ተቀብሮ ነው። ቅድስት ሥላሴ የገቡት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው መንግሥት፣ የመለስ መንግሥት ማለት ነው፣ የመንግሥት ቀብር አልሰጣቸውም።

ንጉሡ ከእቴጌ መነን ጋር በካቴድራሉ ውስጥ በድንጋይ ሣጥን ተቀምጠዋል። መለስ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ፣ በቅጥር ግቢው ናቸው። አቡነ ጳውሎስም እዚያው ናቸው፤ ደርግ በ1967 ዓ.ም. ኅዳር በአንድ ሌሊት የረሸናቸው የንጉሡ ባለ ሥልጣናትም እዚያው አርፈዋል። ጎብኚው በአንድ በር ገብቶ ሁሉንም አይቶ ይወጣል።