መዥገር ፈጭቶ መክተብ

የአጎቴን የታመመች ጊደር ነገር ባለፈው ክፍል ዘግቼዋለሁ ብዬ ነበር፤ ቃሌን እንደማልጠብቅ ግን ከእኔ በላይ እናንተ ታውቃላችሁ። «ስለ መዥገር የማታወሪበት ሳምንት የለም ወይ?» ብላችሁ የምትጽፉልኝም ዛሬ ደግሞ ታገሡኝ። ሸዋ ሮቢት ወርጄ ነበርና አጎቴ የጠየቁኝ ጥያቄ ከሐሳቤ አልወጣ ብሎኛል።

የጠየቁኝ ጊደራቸውን ለያዛት፣ መዥገር ለሚያስተላልፈው በሽታ ክትባት የሌለው ለምን እንደሆነ ነው። ከደብረ ብርሃን ብርድ የመጣችው ዲቃላ ጊደር ቆላ ስትወርድ የገጠማትን፣ ሽንቷ እንዴት እንደቀላና መርፌው እንዴት እንደዘገየ ስለምታውቁ አልደግመውም። ክትባት ፈጽሞ የማይሠራ ነገር እንዳልሆነ ላስረዳቸው ብዬ ስለ ኬንያው አነሣሁላቸው። እዚያ ታይለሪያ ፓርቫ የሚባል ከብት የሚገድል ጥገኛ ተሕዋስ አለ፤ የሚያስተላልፈውም ጆሮ ላይ መጣበቅ የሚወድ ቡናማ መዥገር ነው። ከናይሮቢ አጠገብ በምትገኘው ሙጉጋ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራው ክትባት ሦስት ዓይነት ታይለሪያ የተቀላቀለበት ነው። መዥገሮቹ በታመመ ከብት ላይ ተመግበው ካደጉ በኋላ ተሕዋሱ በምራቅ ዕጢያቸው ውስጥ እንዲበስል ጥንቸል ላይ ጥቂት ቀን ይቆያሉ፤ ከዚያም ይፈጫሉ፤ ፈሳሹም ተጣርቶ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣል። ከብቱ ያንን ሲወጋ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል ረጅም ጊዜ የሚቆይ አንቲባዮቲክም አብሮ ይወጋል፤ አንዱ መርፌ በሽታውን ይሰጠዋል፣ ሌላው ደግሞ እንዳይገድለው ይይዝለታል።

እዚህ ላይ አጎቴ ሳቁ። «መዥገር ፈጭታችሁ ትወጋላችሁ?» አሉና ልጆቹን ጠርተው «ኑ፣ የዶክተሯን ጉድ ስሙ» ብለው እንደገና አስደገሙኝ። እኔም ከመጀመሪያው አሳምሬ ደገምኩት፤ ጥንቸሏ ላይ ስደርስ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። አጎቴ ግን በሁለተኛው አልሳቁም። «እኛ ጋ መዥገሩ ሞልቶ የለም እንዴ፤ የጠፋው የሚፈጨው ሰው ነው?» አሉኝ።

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ፤ ፊታቸውን ሳየው ግን የሚጠብቁት መልስ ነበር። የዚያ አገር ተሕዋስ የእኛ እንዳልሆነ፣ የእሳቸውን ጊደር የያዛት ባቤሲያ የሚባል ሌላ ዘር እንደሆነና የቀይ ደም ሕዋስ አፍርሶ ሽንትን እንደሚያቀላ ነገርኳቸው። ሕያው ክትባት ራሱ በሽታው ስለሆነ፣ በሽታው ወደሌለበት አገር ክትባቱን መውሰድ በሽታውን ማስገባት ሊሆን እንደሚችልም አስረዳሁ። ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። እሳቸው የጠየቁት ግን ይህንን አልነበረም፤ የሚፈጨው ሰው የት ነው ነው ያሉት።

ለባቤሲያም እኮ አውስትራሊያውያን ሠርተዋል፤ ተሕዋሱን ጣፊያቸው በወጣ ጥጆች ውስጥ ደጋግመው በማሳለፍ አድክመውታል። በረዶ ያልተደረገው የክትባት ዓይነት ግን ከጥቂት ቀን በላይ አይቆይም፤ በረዶ የተደረገው ደግሞ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይፈልጋል፤ ከጣርማ በር በታች ናይትሮጅን ይዞ የሚወርድ ማን እንደሆነ እናንተ ንገሩኝ። ቢሾፍቱ ላይ የቫይረስና የባክቴሪያ ክትባት በአገር ውስጥ ይመረታል፤ እነዚያ በላቦራቶሪ ዕቃ ውስጥ ይራባሉ፤ ይህኛው ግን ሕያው ጥጃ ይጠይቃል። አስቸጋሪነቱ ይገባኛል፤ መግባቱ ግን ንዴቴን አልቀነሰልኝም።

ደስታ የምንለው የከብት በሽታ፣ ያ ክፉ ቀንን ያመጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። እርሱን ያጠፋው የተመራማሪው የፕላውራይት ክትባትም እዚያው ሙጉጋ ነው የተሠራው፤ አንድ መርፌ ከብቱን ዕድሜ ልኩን ይጠብቀው ነበር። ይህን ለአጎቴ ብነግራቸው ኖሮ «ታዲያ?» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ቫይረስና ጥገኛ ተሕዋስ አይመሳሰሉም እል ነበር። ታይለሪያ እኮ መዥገሩ ከነከሰ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ሕዋሱን እንደ ካንሰር እንዲባዛ ያደርገውና ሕዋሱ ለሁለት ሲከፈል አብሮ ይከፈላል፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ባሰብኩ ቁጥር ከመጥላት ይልቅ አደንቀዋለሁ። ሕዋሱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ባለችው አጭር ጊዜ ሊይዙት የሚሞክሩ ተመራማሪዎች ፒ67 የሚባለውን የተሕዋሱን የላይ ልባስ ፕሮቲን ለዓመታት ሲፈትሹ ኖረዋል፤ መዥገር የማይፈጭበት ክትባት ከተገኘ ከዚያ በኩል ይመጣ ይሆናል፤ ወይም አይመጣም። ኩባና አውስትራሊያ ደግሞ መዥገሩን ራሱን የሚጎዳ ክትባት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ገበያ ላይ አውለዋል፤ ከብቱ የሚያመነጨው መከላከያ ከደሙ ጋር ተመጥጦ ሲገባ የመዥገሩን አንጀት ያበላሻል። ይህኛውን ለአጎቴ ያልነገርኳቸው እንደገና ልጆቹን እንዳይጠሩ ፈርቼ ነው።

ከመለያየታችን በፊት ጥጃዋን መዥገር እንዳይነካት በየሳምንቱ መድኃኒት ልርጫት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጥጃ እስከ ዘጠኝ ወሯ ድረስ ባቤሲያን ከትልቅ ላም በተሻለ ትቋቋማለች፤ በዚያ ዕድሜ ቀመስ አድርጋው ካለፈች ስታድግ ትጠበቃለች፤ ፈጽሞ ካጸዷት ግን እንደዚያች ጊደር ባዶ እጇን ትቀራለች። ስለዚህ አልፎ አልፎ ብቻ ይርጩ አልኳቸው። «አልፎ አልፎ ማለት ስንት ነው?» አሉኝ። እንደ መዥገሩ ብዛት ነው አልኩ፤ እሳቸውም የትኛው ብዛት ብዙ እንደሚባል ጠየቁኝ፤ እኔም እንግዲህ...