ፈተናውን ያለፈው አውሮፕላን

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የምህንድስና ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኮሜት ነው። በዓለም የመጀመሪያው የመንገደኞች ጄት ነው። እንግሊዞች ሠርተውት በ1952 ከለንደን ወደ ጆሃንስበርግ መብረር ጀመረ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

ጥር 1954 ላይ አንዱ ጣሊያን ውስጥ ኤልባ ደሴት አጠገብ አየር ላይ ተበታተነ። 35 ሰው አለቀ። ምክንያቱ ሳይታወቅ ጥቂት ነገር አሻሽለው በረራውን ቀጠሉ። ሚያዝያ ላይ ሁለተኛው ኔፕልስ አካባቢ ወደቀ። 21 ሰው ሞተ።

መርማሪዎቹ አንድ ሙሉ ኮሜት ውኃ ገንዳ ውስጥ ከተቱ። ለምን ውኃ? የታመቀ አየር ካቢኑን ቢያፈነዳው እንደ ቦምብ ነው፤ ማስረጃው ሁሉ ብትንትን ይላል። በውኃ ግን የተሰነጠቀው ቦታ እንዳለ ይገኛል። ካቢኑን በውኃ ግፊት እየወጠሩ መልሰው ያረግቡታል፤ አንዱ ዙር እንደ አንድ በረራ ነው። ያ አውሮፕላን ቀድሞ 1,221 ጊዜ በርሯል። ገንዳው ውስጥ 1,836 ዙር ጨምሮ ተቀደደ። ግፊቱ እየተደጋገመበት ብረቱ ደክሞታል።

ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ፋብሪካው ራሱ ቀደም ብሎ የሞከረው የካቢን ክፍል ከ16,000 ዙር ያላነሰ ችሎ ነበር! እንዴት? ያንኑ ክፍል መጀመሪያ ለጥንካሬ ሙከራ ብለው ከመደበኛው ግፊት እጥፍ ጭነውበታል። በመስኮቶቹ ጥግ ያለው ብረት ትንሽ ተለጠጠ፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ዙሪያው መልሶ ጨመቀው። የተጨመቀ ብረት ደግሞ ቶሎ አይሰነጠቅም። ለአየር መንገዶች የተሸጡት ግን ያን ያህል ጫና አላዩም። ፋብሪካው የሞከረው ሌላ፣ የሸጠው ሌላ ሆነ ማለት ነው።

«መስኮቱ አራት ማዕዘን ስለነበር ነው» ሲባል ሰምታችኋል። ነገሩን ማቅለል ይመስለኛል። ከኤልባ ባሕር በወጣው ስብርባሪ ላይ ስንጥቁ የተነሳው ከመንገደኞቹ መስኮት ሳይሆን ጣሪያው ላይ ለአንቴና ከተከፈተው መስኮት ነው።

ከዚያ ወዲህ የጥንካሬና የድካም ሙከራ በተለያየ አካል ላይ ይሠራል። ንድፉም ስንጥቅ መምጣቱ አይቀርም ብሎ ይነሳል፤ አንዱ ክፍል ቢሰነጠቅ ሌላው ሸክሙን ይቀበላል።

በአንድ ነገር ብቻ መተማመን የሚያመጣው አደጋ ቤታችንም ገብቷል። መጋቢት 2019 በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ላይ 157 ሰው አጥተናል። የአፍንጫውን አቅጣጫ ከነፋሱ አንጻር የሚለካ የአንድ ሴንሰር የተሳሳተ ንባብ ብቻውን፣ አንድ አውቶማቲክ ሥርዓት የቦይንግ 737 ማክሱን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች እንዲደፋ አደረገ። አሁን ሶፍትዌሩ ሁለት ሴንሰሮችን ያነጻጽራል፤ ካልተስማሙ ያ ሥርዓት አይሠራም። ሁለተኛው ሴንሰር እኮ ያኔም አውሮፕላኑ ላይ ነበር።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ መድረኩ የእናንተ ነው።