መምህሩን ማስቆም ይቻላል?

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? የዛሬውን ዝግጅት እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ካለው ቤቴ ሆኜ ነው የምቀዳው። ሰሞኑን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር የጀመርነው ክርክር አላስተኛ ስላለኝ ከእናንተ ጋር ላብላላው። ትምህርት በቪዲዮ ተቀርጾ ተማሪው በፈለገው ሰዓት ሊያየው ከቻለ፣ መምህርና ተማሪ በአንድ ሰዓት ተቀጣጥረው በዙም መገናኘታቸው ለምን ያስፈልጋል? ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ዳታ ገንዘብ ይበላል፣ ግማሹ ተማሪ ያረፍዳል። ቀርጾ ቴሌግራም ላይ መጫን አይሻልም ወይ?

የሒሳብ መምህር ነኝ። ቀን ክፍል ውስጥ፣ ማታ ደግሞ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁ ልጆችን በኢንተርኔት አስተምራለሁ። ቪዲዮም እሠራለሁ፤ እናም በማብራራት በኩል ቪዲዮው እንደሚበልጠኝ አልክድም። አይደክመውም፣ ጉሮሮው አይዘጋም፣ አሥር ጊዜ ወደ ኋላ ቢመልሱት ፊቱን አያጠቁርም። የባልደረቦቼ ክርክር እዚህ ድረስ ትክክል ነው።

ግን የእኛ ትውልድ ፕላዝማን ያውቃል። በ1990ዎቹ ማብቂያ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ገቡ፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ እየተሰጠ በሳተላይት ይሠራጭ ጀመር። የጎንደሩም፣ የሐረሩም፣ የጋምቤላውም ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት ያያል። ሐሳቡን ማን ይጠላዋል? ብቁ መምህር ላላገኘ ወረዳ ብቁ መምህር መላክ ነበር። ሥዕሎቹ ያማሩ፣ ዝግጅቱም የተለፋበት ነበር።

ታዲያ የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል። ጥቂት ሰከንዶች ዝም ይላል። ከዚያ ፈገግ ብሎ «በጣም ጥሩ! ትክክል ነው!» ይላል። ማን ምን መለሰና? ክፍሉ ውስጥ አፉን የከፈተ የለም፤ የፊተኛው ረድፍ ገና የጥያቄውን የመጀመሪያ መስመር እየገለበጠ ነው። በእረፍት ሰዓት ይህችን «በጣም ጥሩ» እያስመሰሉ መሳቅ የዘመኑ ቀልድ ነበር። የክፍሉ መምህር ጥግ ላይ ቆሞ ከእኛ ጋር ያያል፤ ለእርሱ የተተዉለት ከሥርጭቱ በፊትና በኋላ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ናቸው። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ማንን ያስቆማል? ሳተላይቱን?

ይህን ያነሣሁት ያለፈን ለመውቀስ አይደለም። ፕላዝማ በአንድ ሰዓት ይታይ ነበር፤ ግን ማንንም አይሰማም ነበር። ስለዚህ የቀጥታ ትምህርት ዋጋው ሰዓት መጋራቱ ላይ አይደለም። መምህሩን ማስቆም፣ ከመንገዱ ማስወጣት ይቻላል ወይ? የእኔ መለኪያ ይህ ነው። ዛሬ ዙም ከፍተው፣ የሁሉንም ማይክሮፎን ዘግተው፣ ስላይድ እያነበቡ አንድ ሰዓት የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ። እነርሱ ፕላዝማውን መልሰው ሰቅለውታል፤ ልዩነቱ የዳታውን ሒሳብ ተማሪው መክፈሉ ነው። እንዲህ ከሆነማ ባልደረቦቼ እውነት አላቸው፤ ይቀረጽና ይጫን።

አንድ ምሳሌ ላምጣ። የጤፍ ዋጋ በ20 በመቶ ጨመረ፤ ቆይቶ በ20 በመቶ ቀነሰ። ዋጋው ወደ ቀድሞው ተመለሰ? በቪዲዮዬ ላይ በሚገባ አብራርቼዋለሁ፦ 10,000 ብር የነበረው 12,000 ይሆናል፤ ከ12,000 ላይ 20 በመቶ ሲቀነስ 9,600 ይመጣል። ተማሪው ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ያልፋል። «ገባችሁ?» ብትሉት «ገባን» ይላል። ይህች «ገባን» በአገራችን ክፍሎች ስንት ጥያቄ ቀብራለች መሰላችሁ!

በቀጥታው ክፍለ ጊዜ ያንኑ ጥያቄ ሳላብራራ በፊት እሰጣለሁ። መልሱን ለሁሉም በሚታየው ቦታ ሳይሆን ለእኔ ብቻ ጽፈው እንዲልኩ አደርጋለሁ። «10,000»፣ «10,000»፣ «10,000» እያለ ይዘንባል። ከደባርቅ የምትከታተል አንዲት ልጅ «መምህር፣ 20 በመቶ ያው 20 በመቶ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። እኔም «የምኑ 20 በመቶ?» ብዬ ዝም አልኩ። ቆይታ፣ «ቆይ… ሁለተኛው የ12,000 ነው» አለች። ከዚያ ሌላው ልጅ ሳይጠየቅ ገባና «እና መጀመሪያ ቀንሶ በኋላ ቢጨምርስ?» አለ። መልሱ ያው 9,600 ነው፤ ለምን እንደሆነ ለማሳየት የዚያን ቀን ዕቅዴን ጥዬ ወደ ማባዛት ባሕርያት ሄድኩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል ብሎ አስቀድሞ ቪዲዮ የሚቀርጽ መምህር የለም።

ዝም ማለቱም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መምህራን ጥያቄ ጠይቀው በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አሳይተዋል። ያ ጊዜ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፍ ሲል የተማሪዎች መልስ ይረዝማል፤ ዝም የሚሉትም መናገር ይጀምራሉ። በዙም ላይ ሦስት ሰከንድ ዝምታ አስጨናቂ ነው፤ መምህሩ ግንኙነቱ የተቋረጠ ይመስለዋል። ቢሆንም ጠብቁ እላለሁ።

ባሕር ማዶ ያሉትም በቀረጻ ብቻ ብዙ ርቀት አልተጓዙም። በ2019 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት፣ የአሜሪካዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሃርቫርድና ኤም አይ ቲ በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ባደረጓቸው ኮርሶች ከተመዘገቡት ውስጥ እስከ መጨረሻው የዘለቁት 3 በመቶ ገደማ ነበሩ። በእርግጥ ብዙው ሰው ለመቃኘት ብቻ ይመዘገባል። በርቀት የሚያስተምረው የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ግን በ1971 እ.ኤ.አ. ማስተማር ሲጀምር ቢቢሲን የሚያህል ጣቢያ በእጁ እያለ፣ ለተማሪዎቹ በየአካባቢያቸው አስጠኚ መድቦ፣ በበጋም ለሳምንት እየሰበሰበ ፊት ለፊት ያገናኛቸው ነበር።

እኛ ደግሞ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። የቅኔ ተማሪ ቀን ብቻውን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም የራሱን ቅኔ ያዘጋጃል። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ ቤት ያልመታውን፣ ምሥጢሩ ያልተገናኘውን የኔታ እዚያው ያርሙታል። ብቻውን የሚሠራው ብቻውን፣ መምህር የሚሻው በመምህር ፊት። የኢንተርኔት ትምህርትም ለእኔ እንዲህ ቢከፈል ደስ ይለኛል፤ ማብራሪያው በቪዲዮ፣ ነገራው በቀጥታ።

በቀጥታ ስል ሁሉም ነገር በዙም ይሆናል ማለቴ አይደለም። የአቋቋም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዜማና የሽብሸባ ትምህርት፣ ምስክር ቤት (መምህራኑ የሚመረቁበት) የሆነችው የበአታ ቤተ ክርስቲያን እዚሁ ከተማችን ናት። ጸናጽልና ከበሮ ከመቋሚያ ጋር በአንድነት የሚሄዱበትን ዜማ እስቲ በዙም ሞክሩት! የአንዱ ድምፅ ለሌላው ዘግይቶ ስለሚደርስ ወዲያው ይበተናል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለድምፅ ጥሪ የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በእኛ መስመር ያን ማግኘት ሁልጊዜ አይታሰብም። ሰዎች ፊት ለፊት ሲያወሩ አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪጀምር ያለው ክፍተት ወደ 200 ሚሊሰከንድ ይጠጋል። ስለዚህ ትንሽ መዘግየት እንኳ ሰዎችን ያጋጫል፤ ሁለት ልጆች አብረው ይጀምራሉ፣ አብረው ያቆማሉ፣ ዓይን አፋሩ ከዚያ ወዲያ አይመለስም። በጽሑፍ መልሱልኝ የምለው ለዚህም ነው።

ካሜራ ክፈቱ አልልም። ዳታ ይጨርሳል፤ ልጁ ከታናናሾቹ ጋር በአንድ ክፍል ሊሆን ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ደግሞ ቀጥታም ቀረጻም አልነበረም፤ ወረቀት ብቻ ነበር። ስለዚህ በየቀኑ መገናኘት አለብን ብዬ አልከራከርም። የዙም ነፃ አገልግሎት በ40 ደቂቃ ይዘጋል፤ እኔ እንዲያውም ወድጄዋለሁ፤ ማብራሪያው አስቀድሞ ከታየ 40 ደቂቃ ይበቃል።

ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ አንድ ነገር ቀርቷል፦ ቀጥታውን ክፍለ ጊዜ ለምን ቀርጸህ አትልክልንም? አልቀርጽም። «እየተቀረጸ ነው» የሚለው ምልክት ሲበራ «አልገባኝም» የሚለው ልጅ ይጠፋል፤ ስህተቱ በየስልኩ እንዲዞር ማን ይፈልጋል? ላልተገኙት የተነሡትን ጥያቄዎች ያለ ስም ጽፌ እልካለሁ። በመብራትና በኔትወርክ ምክንያት የቀሩ ከበዙ እሑድ ከሰዓት እደግመዋለሁ።

ስለ መቶኛ ስሌት የሠራሁት ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ተጭኗል፤ አይታችሁት ኑ። ማክሰኞ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስለ ወለድ ነው የምንሠራው፤ እርሳስና ወረቀት አትርሱ። ደህና ሁኑ።